ምልክቱ የተሞረደበት ቱቦ

በጎትፍሪት ሌደራህ ቀብር ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ገጽ ተኩል ነበር። የተወለደበት ቀን፣ ሙያ የተማረበት ቤት፣ አርባ አራት ዓመት የሠራበት የሚዛን ፋብሪካ፣ ያገባበትና ሚስቱን የቀበረበት ዓመት፣ የመንደራችንን የኦበርግራበንን ተኳሾች ማኅበር መሣሪያ የጠበቀባቸው አርባ አንድ ዓመታት። እያንዳንዱን ከመዝገብ ጋር አመሳክሬዋለሁ። ቄሱ «ስለ ጠመንጃ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል» ስላሉኝ የቱቦውን ታሪክ አወጣሁት። እሳቸው ግን ሲያነቡት ከራሳቸው ሦስት ቃል ጨምረውበታል፤ ወደዚያ በኋላ እመለሳለሁ።

ከቀብሩ ወዲህ ስድስት ወር ሆነ። ያወጣሁት ክፍል የተጻፈበት ወረቀት ግን ከጠረጴዛዬ አልተነሣም። ሟቹን የሚያውቅ ሰው ስለ እሱ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሣው ፋብሪካውን ሳይሆን ያንን ቱቦ ስለሆነ፣ መዝገቡ ጎደሎ እንዳይቀር እዚህ አሰፍረዋለሁ።

ጎትፍሪት የሚለውን ስም የሚጠራው ግብር ሰብሳቢው ብቻ ነበር። ለሌላው ሰው ሁሉ ጎዲ ነው። አጭር፣ ጆሮው ሰፊ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ግራጫ ሽርጡን ያላወለቀ ሰው። በሽርጡ ኪስ አንድ የውፍረት መለኪያ ካሊፐር፣ አንድ አጉሊ መነጽርና የሆነ የሚበላ ነገር አይጠፋም። ዕድሜውን ሙሉ ሚዛን ሲያስተካክል ስለኖረ «በግምት» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ይቆጥረው ነበር። ዳቦ ቤት ገብቶ የገዛውን ዳቦ በመዳፉ ከፍ ዝቅ ያደርግና «ዛሬ ሃያ ግራም አየር ጋግረሃል» ብሎ ይወጣል። አንድ ቀን ዳቦ ጋጋሪው ተናዶ ዳቦውን ሚዛን ላይ አስቀመጠው። የጎደለው ሃያ ሁለት ግራም ሆኖ ተገኘ። ጎዲ ሁለቷን ግራም ስለሳታት ባርኔጣውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቀ። ዳቦ ጋጋሪው ይህን ሲያወራ እስከ ዛሬ የሚስቀው በየትኛው እንደሆነ አያውቅም።

ከጠመንጃ ጋር የተዋወቀው ከሚዛን በፊት ነው። በአሥራ አንድ ዓመቱ በተኩሱ ሜዳ ዒላማ ጠቋሚ ሆነ። ያኔ እንደ ዛሬው ውጤት የሚያሳይ ማያ የለም። ጠቋሚዎች ከዒላማው ሥር ባለው ጉድጓድ ተቀምጠው፣ ጥይቱ ያረፈበትን ቦታ ጫፉ ላይ ክብ ሰሌዳ ባለው ረጅም ዘንግ ያሳያሉ። ጥይቱ ዒላማውን ከሳተ ያንኑ ዘንግ በዒላማው ፊት ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ቀስ አድርገው ያወዛውዙታል። ሦስት መቶ ሜትር ርቆ የቆመው ሰው ሁሉ ያየዋል፤ የተኮሰው ማን እንደሆነም ሰው ሁሉ ያውቃል። ጎዲ በአንድ እሑድ ያን ጊዜ የነበሩትን ቄስ ሰባት ጊዜ አወዛወዘባቸው። እናቱ «ለቄሱ እንኳ አንዷን ብትተውላቸው ምን ነበረበት» ብትለው «ከሳቱ ሳቱ ነው» አላት። ይህን ከሦስት ሰዎች ለየብቻ ሰምቼዋለሁ፤ ሦስቱም ሰባት ነው ያሉት።

በእኛ መንደር ሰው የውትድርና ግዴታውን ሲጨርስ ጠመንጃውን ይዞ ይመለሳል። ጠመንጃው ከበር ኋላ ከጃንጥላዎቹ ጎን ይቆማል። ባለቤቱ ሲሞት ወራሾቹ ጠመንጃውንና ከጠመንጃው ጋር የተጠራቀመውን ኮተት ያገኛሉ፤ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚያወጣ ግን አያውቁም። ስለዚህ ሐሙስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማኅበሩ ወደሚሰበሰብበት ወደ ተኳሾች ቤት ወስደው ጎዲ ፊት ያስቀምጡታል። ዋጋው አንድ የለውዝ ኬክ ነበር። ኬኩን እስከ ግማሽ ሳይበላ ቃል አይተነፍስም፤ ሰዎችም መንጋጋውን ሲያዩ ይቆያሉ። ቀስ ብሎ ካኘከ ዕቃው ደህና ነው። ቶሎ ቶሎ ካኘከ ግን ለባለቤቱ አዝኗል ማለት ነው።

አሠራሩን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ያሸታል፤ በድሮ ዘይትና ትናንት በተቀባ ዘይት መካከል ያለውን ልዩነት አፍንጫው ያውቃል። ቀጥሎ ይመዝናል። ከዚያ ብሎኖቹን በአጉሊ መነጽር ያያል፤ የብሎን ራስ ከተላጠ ዕቃውን የማይሆን መፍቻ የያዘ ሰው ከፍቶታል። መጨረሻ ላይ «የማን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ሳያውቅ ዋጋ አይናገርም። ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ የማይታወቅ ዕቃ ለእሱ አባቱ እንዳልተመዘገበ ልጅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2016 ማኅበሩ መቶ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነበርና በመከር ወቅት በዓልና ኤግዚቢሽን ለማዘጋጀት ተወሰነ። የመንደሩን መዝገብ ቤት የምይዘው እኔ ስለሆንኩ የዕቃዎቹን ዝርዝር እንዳዘጋጅ የማኅበሩ ሊቀመንበር ማርግሪት ክኑቸል ጠየቀችኝ። ማርግሪት የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ የምትነዳ፣ ድምፅዋ ከጡሩንባው የሚበልጥ ሴት ናት። የኢንሹራንሱ ሰዎች የእያንዳንዱን ዕቃ ስም፣ ዘመን፣ ባለቤትና ዋጋ ይፈልጋሉ። ጎዲ ሊናገር፣ እኔ ልጽፍ ሆነ። የመጀመሪያው ሐሙስ ላይ ወይን ቀዳልኝና ብርጭቆውን አንሥቶ «እኔ ጎዲ ነኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ በመካከላችን «እርስዎ» የሚባል ነገር አልነበረም። ዘጠኝ ሐሙስ አብረን ሠራን። ስድሳ ሁለት ዕቃ መዘገብን። አንድ ጊዜ ብቻ «1890 አካባቢ» ብዬ ጻፍኩ። እስክሪብቶዬን ከእጄ ወስዶ ሰረዘውና «አካባቢ የሚባል ዓመት የለም። ካላወቅን አላወቅንም በይ» አለኝ። እኔም ለሃያ ዓመት ይህንኑ ለሌሎች ስናገር ኖሬያለሁና «አላወቅንም» ብዬ ጻፍኩ።

አርባ አንደኛውን ዕቃ ያመጣችው ሊዝቤት ሻፍሮት ናት። ባሏ ሬስ አይብ ሠሪ ነበር፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ሞተ። ሬስ፣ ሊዝቤትና ጎዲ በአንድ ክፍል የተማሩ እኩዮች ናቸው። ሊዝቤት አንድ ረጅም የእንጨት ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ከላዩም የለውዝ ኬኩን።

ውስጡ በአረንጓዴ ሱፍ ተለብጧል። ቀጭን የብረት ቱቦ፣ አንድ የጠመንጃ ማቀባበያ፣ መወልወያ ዘንግና ትንሽ መፍቻ ነበረበት። የወታደሩ ጠመንጃ ጥይት ትልቅ ነው፤ በቤት ውስጥ አይተኮስም። በበረዶው ወራት ግን ሜዳው ይዘጋል፤ ተኳሽ ደግሞ አራት ወር እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ በጸደይ ዘንጉ ይወዛወዝበታል። ስለዚህ ቀጭኑን ቱቦ በጠመንጃው አፈሙዝ ውስጥ ይሰዳሉ፤ ማቀባበያውንም ያወጡና በዚህኛው ይተኩታል። የዚህኛው መርፌ ጥይቱን መሐሉን ሳይሆን የግርጌውን ጠርዝ ይመታል፤ ጥይቱም ከባቄላ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ያው ጠመንጃ፣ ያው ክብደት፣ ያው ቃታ በምድር ቤት ውስጥ የሚተኮስ ይሆናል። የእኛ ማኅበር እስከ 1978 ድረስ ከአሮጌው ትምህርት ቤት ሥር ባለው ምድር ቤት ይለማመድ ነበር። ልጆቹ ከላይ ስሌት ይማራሉ፤ ማታ አባቶቻቸው ከታች ይተኩሳሉ።

ጎዲ ማኘክ ጀመረ። ቀስ ብሎ ነበር የሚያኝከው። ሊዝቤት ፊቷ በራ። ማርግሪትና አራት አምስት አባላትም የካርታ ጨዋታቸውን አቁመው ተጠጉ። ጎዲ ቱቦውን አሸተተ፣ መዘነ፦ አንድ ኪሎ ከመቶ አርባ ግራም። ውስጡን ወደ መብራቱ አዙሮ አየ፤ ዝገት የለም። ከዚያ ግማሹ ኬክ አለቀና ተናገረ። ይህን ዓይነቱን በዚያ ዘመን ይሠሩ የነበሩት ሁለት ቤቶች ናቸው፤ አንደኛው የቱቦውን አንገት በሁለት ብሎን ያስራል፣ ሁለተኛው በሦስት። ይህ ሦስት ነው። ሁለተኛው ቤት ከ1951 በኋላ የመወልወያውን እጀታ ከለውዝ እንጨት መሥራቱን አቁሟል፤ ይህ እጀታ የለውዝ እንጨት ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ሳጥኑ የራሱ ነው፤ ማጠፊያዎቹም አልተነኩም። እኔ እጽፋለሁ።

«የፋብሪካው ምልክት አንገቱ ላይ መሆን አለበት» አለና ቱቦውን አዞረው።

ምልክት የለም። በቦታው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጠፍጣፋ ቦታ አለች፤ ተሞርዳለች። ዳርና ዳሯ ላይ ሁለት ግራጫ የብየዳ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ጎዲ አጉሊ መነጽሩን አወጣ። ማኘኩን ፈጽሞ ተወ።

ሊዝቤት አንድ የከተማ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ መቶ ሰማንያ ፍራንክ ያወጣል ብሎ እንደነገራት ተናገረች። ጎዲ ነጋዴው አልዋሸም አለ። ምልክቱ ቢኖር ዘጠኝ መቶ ያወጣ ነበር። የገረመው ግን ዋጋው አልነበረም።

«ምልክት የሚሞርድ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው» አለ። «ሬስ ይህን ከማን ነው የገዛው?»

መልስ ሳይጠብቅ ቀጠለ፤ ዓይኑ ከአጉሊ መነጽሩ አልተነሣም። «የሞረደውም ባለሙያ አይደለም። ችኩል ነው። መስመሮቹ የሚያዘነብሉት ወደዚህ ነው፤ ስለዚህ ግራኝ ነው።»

ሊዝቤት ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጻፊው» አለችኝ። «ግራኝ ነው ብሏል። ችኩል ነውም ብሏል።»

ጻፍኩት።

ቱቦውን ራሷ ወደ ሳጥኑ መለሰችው። ድምፅዋን ሳታነሣ ነበር የተናገረችው፤ እኛ አካባቢ ነገር የሚከፋው እንደዚያ ሲሆን ነው። «ባሌ ሃምሳ ዓመት አይብ ሠራ። አንዲት ክብ አይብ ያለ ማኅተም ከቤቱ ወጥታ አታውቅም። በበዓሉ ቀን ይህ ሳጥን መስታወቱ ሥር የሬስ ስም ተጽፎበት ካልተቀመጠ፣ የሬስ አይብም አይቀልጥላችሁም።»

ይህ ቀልድ አልነበረም። ለበዓሉ የሚቀልጠውን አይብ በሙሉ፣ ለመቶ ሰማንያ እንግዳ የሚበቃውን፣ ሬስ ከመሞቱ በፊት ለዚሁ ቀን ብሎ ያስቀመጠው ነው። ማርግሪት ጎዲን በክርኗ ጎሰመችው። ጎዲ ግን ጎዲ ነው። ሬስን ሌባ አላለም፤ ከማን እንደተገኘ ካልታወቀ ግን «ያልታወቀ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ ባለቤቱ እንትና ነው አይባልም አለ። «ወዳጄ ነው ብዬ ዘንጉን አልደብቅለትም።»

«ዘንጉን ጀርባህ ላይ እንዳልሰብረው» አለች ማርግሪት።

ለበዓሉ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ከአርባ አንደኛው ዕቃ ጎን በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ። ጎዲ በሚቀጥለው ሐሙስ ኬክ የሚያመጣለት አጣ። እሱም የገዛ ኬኩን ይዞ መጣ፤ ነገር ግን አልበላውም። በመካከሉ እጁን ከወረቀቱ ሳያነሣ «ሬስ ሌባ አልነበረም» አለኝ። «እሱን ልጻፈው?» አልኩት። «ማስረጃ የለኝም» አለ።

ሊዝቤት ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት መጣች። ቁጭ አላለችም። ሬስ ቱቦውን የገዛው ምድር ቤቱ ሲዘጋ ከራሱ ከማኅበሩ እንደሆነ ነግሯታል፤ እንግዲህ ጸሐፊዎች ሲጽፉ የኖሩት ለምንድን ነው፣ ፈልጊ፣ አለችኝ። በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች።

«ጎዲ የሚሞርደው በየትኛው እጁ ነው?»

«በቀኙ» አልኳት። በየሐሙሱ አይቼዋለሁ።

«አዎ፣ አሁን» አለች። «በ1969 ከድርቆሽ ቆጡ ላይ ወድቆ ግራ እጁን ሰበረ። ከዚያ በፊትስ? አንቺ አልነበርሽም።» ከዚህ ሌላ አልተናገረችም። ደረጃውን ስትወርድ ግን ስትስቅ ሰማኋት።

የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ አሥራ አራት ጥራዝ ነው። ስድስተኛውን ያን ጊዜ የነበረው መምህር እጅግ ንጹሕ በሆነ የእጅ ጽሕፈት ጽፎታል፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ሊያፍሩ ይገባቸዋል። ጥር 12 ቀን 1962 የተጻፈው እንዲህ ይላል። የጎረቤት መንደር ማኅበር ሁለት የዘይት ቆርቆሮና የባንዲራ እንጨት ጫፍ ተውሶ የራሱ ነው ስላለ፣ ከእንግዲህ የማኅበሩ ንብረት የሆነ ነገር ሁሉ ቁጥር የተቀረጸበት የናስ ሰሌዳ ይለጠፍበት፤ ወንበሮቹ፣ የዒላማ ክፈፎቹ፣ የአይብ ማቅለጫው ድስትና ስድስቱ የምድር ቤት ቱቦዎች። የቱቦው አንገት ክብ ስለሆነና ሰሌዳው ስለማይቀመጥበት፣ የፋብሪካው ጽሑፍ ያለበት ቦታ ተሞርዶ ጠፍጣፋ ይሁን። ከዚያ የሚቀጥለውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ሥራውን የመካኒኩ የኤግሊ ተለማማጅ ጎትፍሪት ሌደራህ ይሥራ። ለድካሙ ሁለት ቋሊማና አንድ ጠርሙስ የሎሚ ለስላሳ ይሰጠው። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።»

በሰባተኛው ጥራዝ ኅዳር 3 ቀን 1978 ደግሞ ምድር ቤቱ ሲዘጋ ቱቦዎቹ ለአባላት ተሸጠዋል። ቁጥር አራት ለሬስ ሻፍሮት። «ሰሌዳው የማኅበሩ ንብረት ስለሆነ ገዢው ነቅሎ ይመልስ» ይላል። ሬስም ነቅሎ መልሷል።

እንግዲህ የራሴን ነገር መሸሸግ አይገባም። መዝገብ ቤቱን በተረከብኩ በሁለተኛው ዓመት በገዛ እጄ «ስድስት ትናንሽ የናስ ሰሌዳዎች፤ ጥቅማቸው ያልታወቀ» ብዬ የመዘገብኩት ፖስታ አለ። ከመደርደሪያው አወረድኩት። አራተኛዋ ሰሌዳ ጀርባዋ ላይ ሁለት ግራጫ ነጠብጣብ ነበራት።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ጥራዝና ፖስታውን ይዤ ጎዲ ወጥ ቤት ገባሁ። ድንች ይልጥ ነበር። ምንም ሳልናገር ስድስተኛውን ጥራዝ ከፈትኩለት። መነጽሩን አደረገ፤ አነበበ። አጉሊ መነጽሩን አወጣና እንደገና አነበበ፤ ፊደሉ ትልቅ ስለነበር የሚያስፈልገው አልነበረም። የግራ እጁን አንጓ በቀኝ እጁ ያዘ።

«ሁለት ቋሊማ ይላል» አለ በመጨረሻ።

«ሁለት ይላል።»

«አንድ ነው የሰጡኝ።»

ከዚያ ትንሽ ቆይቶ በዚያ የበረዶ ወራት ያልሞረደው የቄሱን ጥርስ ብቻ እንደነበር ነገረኝ። ሠላሳ ስምንት ወንበር፣ ሃያ ክፈፍ፣ ድስቱን ሳይቀር። ቱቦዎቹን ጭራሽ አያስታውሳቸውም። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ የሚያስታውሰው ረኀቡን ነው። ሰሌዳዋን በጠፍጣፋው ቦታ ላይ ለማየት ሊዝቤት ቤት መሄድ እንዳለብን ነገርኩት። ሽርጡን አውልቆ ኮቱን ለበሰ። ጎዲን በሥራ ቀን ኮት ለብሶ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሊዝቤት ሳጥኑን ከፈተችና ወንበር ሳትሰጠው ቆመች። ጎዲ ሰሌዳዋን በጣቱ አስቀመጣት። ነጠብጣብ በነጠብጣብ ላይ ተቀመጠ፤ ፀጉር የሚያሳልፍ ክፍተት አልነበረም። ይቅርታ ለመጠየቅ አፉን ሲከፍት አስቆመችው።

«እዚህ አይደለም» አለችው። «ያልከው በሰው ፊት ነው።»

«ሬስ ያውቅ ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

ያውቅ ነበር። ሬስ በ1978 ሰሌዳውን ሲነቅል የሞረዱን መስመር አይቶ የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው አውቆታል፤ በትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ናቸው፣ ጎዲ በግራው የቀረጸውን ዴስክ ስንት ዓመት አይቶታል። ለሊዝቤትም «እንዳትነግሪው፤ ካወቀ አፍሮ አዲስ አንገት ልሥራልህ ብሎ ይነሣል፣ እኔም የበረዶ ወራት ተኩሴ ይቀርብኛል» ብሏት ነበር። እሷም ቃሏን ጠበቀች። ለጎዲ አልነገረችውም፤ የነገረችው ለእኔ ነው፣ እሱንም በግማሽ።

በዓሉ ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት ተከፈተ። የተኳሾች ቤት ሞልቶ ሰዎች እስከ መንገዱ ቆመው ነበር። ማርግሪት የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግሯን ጨርሳ ዕቃዎቹን የመረመረው ጎዲ አንድ ነገር ይናገር አለች። ጎዲ አልተናገረም። ወደ ግድግዳው ሄደና የድሮውን መጠቆሚያ ዘንግ፣ ዕቃ ቁጥር ሰባትን፣ ከተሰቀለበት አወረደው። ከትልቁ ዒላማ ሥር ቆሞ ወደ እኛ ዞረ። ከዚያ ክቡን ሰሌዳ በራሱ ደረት ፊት ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አወዛወዘው።

ወጣቶቹ ምን እንደሚያደርግ አልገባቸውም። ሽማግሌዎቹ ግን ገባቸው፤ በዚያ ቤት ውስጥ ማንም ያንን ዘንግ በራሱ ላይ አወዛውዞ አያውቅም።

«ቀስ በል» አለች ሊዝቤት ከፊት ወንበር። «ከኋላ ያሉት አላዩም።»

እንደገና አወዛወዘው፤ አሁን ቀስ ብሎ። ከዚያ ዘንጉን መሬት ላይ አቁሞ ተናገረ። «የሬስን ቱቦ የሞረደው ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ብዬ ነበር። የሞረድኩት እኔ ነኝ። የደበቅኩት ነገር አልነበረም፤ ርቦኝ ነው። ሬስ ከማኅበሩ የገዛው ዕቃ ነው፣ ሰሌዳውንም በጊዜው መልሷል። እኔ ስቻለሁ።»

ሳቁ የተነሣው ከሽማግሌዎቹ በኩል ነው። ማርግሪት ከወጥ ቤቱ አንድ ትኩስ ቋሊማ በሳህን ይዛ ወጣችና ከሃምሳ አራት ዓመት በኋላ ማኅበሩ ቃሉን እንደሚፈጽም አስታወቀች። የሎሚ ለስላሳውን በጊዜው መጠጣቱን ጎዲ ራሱ መሰከረ።

«ቱቦዋስ አሁን ስንት ታወጣለች?» አለች ሊዝቤት።

እዚያው ቆሞ የቋሊማውን ግማሽ በላ። ቀስ ብሎ ነው ያኘከው። መንደሩ ሁሉ መንጋጋውን ያያል።

«ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ» አለ።

ከምልክቱ ጋር እንኳ ዘጠኝ መቶ ብለህ አልነበረም ወይ ተባለ። «ምልክት ያላቸው ብዙ ናቸው» አለ። «ምልክቱን ማን እንደሞረደው፣ በማን ትእዛዝ፣ ለስንት ቋሊማ እንደሆነ በቃለ ጉባኤ የተጻፈለት ግን ይህ ብቻ ነው።» የከተማው ነጋዴም እዚያ ነበር። ዋጋው ይበዛል ብሎ አልተከራከረም፤ ሊዝቤትን ትሸጭው እንደሆን ጠየቃት። አይብ እያቀለጠች ስለነበር አልሰማችውም፤ ወይም እንዳልሰማች ሆነች።

የካርዱን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጎዲ አርሞታል። እንዲህ ይላል፦ «የምድር ቤት መለማመጃ ቱቦ፣ ከነማቀባበያውና ከነሳጥኑ፤ ከ1951 በፊት የተሠራ። የማኅበሩ ቁጥር 4። ባለቤት፦ ሬስ ሻፍሮት፣ አይብ ሠሪ። ሞራጅ፦ ጎ. ሌደራህ፣ ተለማማጅ።» በመጨረሻ «ግራኝና ችኩል» የሚለውን በራሱ እጅ ጨመረበት፤ የተባለው ሳይጎድል መጻፍ አለበት አለ። እኔም መዝገብ ቤት ተመልሼ በፖስታው ላይ «ጥቅማቸው ያልታወቀ» የሚለውን ሰርዤ ትክክለኛውን ጻፍኩ፤ ያረምኩበትን ቀንና ስሜንም ከሥሩ አኖርኩ።

ጎዲ መጋቢት 9 ቀን 2023 ሞተ። ሽርጡ፣ ከነካሊፐሩና ከነአጉሊ መነጽሩ፣ በኑዛዜው ለመዝገብ ቤቱ ተሰጥቷል። ኪሱ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ግማሽ የለውዝ ኬክ ነበር። በዝርዝሩ ላይ አስገብቼዋለሁ፤ የትኛውን ዕቃ ሊገምት እንደነበር ግን አላወቅሁም፣ ስለዚህ አላወቅሁም ብዬ ጻፍኩ።

በቀብሩ ዕለት ቄሱ የጻፍኩትን አነበቡ። «የማኅበሩን መሣሪያ አርባ አንድ ዓመት ጠበቀ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው «ያለ አንዳች ስሕተት» የሚል ጨመሩበት። አዲስ ናቸው፤ አያውቁም። ሊዝቤት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗን ከሬሳ ሣጥኑ ላይ ሳታነሣ ቀኝ እጇን ከጉልበቷ ትንሽ ከፍ አደረገችና ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ቀስ አድርጋ አወዛወዘቻት። ከኋላዋ ያሉት ሁለት ረድፍ ሽማግሌ ተኳሾች አንገታቸውን ደፉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያዩት ቄስ እያለቀሱ መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ።